ሦስት ጊዜ ታክሜም የጨጓራ ባክቴሪያው «ፖዘቲቭ» ይላል፤ አራተኛ ዙር ልውሰድ?

ጥያቄ፦ «የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሆዴን ሲያቃጥለኝ በደም ተመርምሬ ኤች ፓይሎሪ አለብሽ ተባልኩ። አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል ለ7 ቀን ወሰድኩ። ስላልተሻለኝ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ እዚያም በደም አይተው ያንኑ መድኃኒት ለ10 ቀን አዘዙልኝ። ዘንድሮ እንደገና ፖዘቲቭ ነው ተብዬ ያንኑ ለሦስተኛ ጊዜ ጨረስኩ። ባለፈው ሳምንት በደም ስመረመር አሁንም ፖዘቲቭ ነው። ማቃጠሉ ቀነሰ እንጂ አልለቀቀኝም። ይህ ነገር አይድንም ማለት ነው? አራተኛ ጊዜ ልውሰድ? ባለቤቴና ሁለት ልጆቼስ ይመርመሩ? በጉርሻ ይተላለፋል? የምጾም ሰው ስለሆንኩ መድኃኒቱን እንዴት ልውሰድ?»

ምላሽ፦

አራተኛውን ዙር አሁን አይጀምሩ። ከጻፉት ሁሉ ውስጥ ባክቴሪያው ዛሬ ጨጓራዎ ውስጥ በሕይወት መኖሩን የሚያረጋግጥ አንድም ነገር የለም። የተደረጉልዎት ምርመራዎች በሙሉ የደም ናቸው፤ የደም ምርመራ ደግሞ ከሕክምና በኋላ ባክቴሪያው ጠፍቷል ወይስ አልጠፋም ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት አይችልም። ምናልባት በመጀመሪያው ዙር ድነው የቀሩትን ሁለቱን ያለ ምክንያት ወስደው ይሆናል። ምናልባትም ባክቴሪያው ክላሪትሮማይሲንን የሚቋቋም ሆኖ ሦስቱንም ዙር አልፎ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ የሚወስዱት ወደተለያየ መንገድ ነው፤ የሚለያቸውም በትክክለኛው ጊዜና በትክክለኛው አኳኋን የተሠራ የሰገራ አንቲጂን ምርመራ (የባክቴሪያውን የራሱን ፕሮቲን በሰገራ ውስጥ የሚፈልግ) ነው።

የደም ምርመራው ለምን እንደማይበቃ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡንም ጨጓራውንም የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ከጣት ወይም ከክንድ በተቀዳ ደም በትንሿ ካሴት ላይ የሚነበበው መስመር ባክቴሪያውን አያሳይም። የሚያሳየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ በብዙ ሰው ላይም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት ሰው ፈንጣጣ አሁን ይዞታል እንደማይባለው ሁሉ በዚህ ካሴት ፖዘቲቭ የሆነም ሰው ባክቴሪያው አሁን አለበት ሊባል አይችልም። የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን በጊዜ ብዛት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ካሴቱ ግን መጠን አይለካም፣ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው የሚለው። በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ኤች ፓይሎሪ እንደተገኘባቸው ያሳያሉ። እንዲህ በተስፋፋበት አገር ሆዱን ያቃጠለውን ሰው ሁሉ በደም ብንመረምር ግማሹ፣ በሌላ ምክንያት የታመመ ቢሆን እንኳ፣ ፖዘቲቭ ይወጣል። ስለዚህ የደሙን ካሴት ዳግመኛ አያሠሩ፤ ያለ ክፍያ ቢሠራልዎት እንኳ ውጤቱ የሚጨምርልዎት እውቀት የለም።

አሁን ወደ ባክቴሪያው ልግባ። የሕክምናው ሕግጋት ሁሉ ከአኗኗሩ የሚመነጩ ናቸው። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር የሚረዝም፣ ጠመዝማዛ፣ በአንድ ጫፉ ባሉት ቀጫጭን ክሮች የሚዋኝ ባክቴሪያ ነው። የጨጓራ አሲድ አብዛኛውን ተዋህስያን ይገድላል። ይህኛው ግን ዩሪየስ የሚባል ኢንዛይም በብዛት ያመርታል፤ ኢንዛይሙ በጨጓራ ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰብረዋል፣ አሞኒያውም በዙሪያው ያለውን አሲድ ያረክሰዋል። በዚህ ተከልሎ የጨጓራን ግድግዳ የሚሸፍነውን ዝልግልግ ንብርብር ሰንጥቆ ይገባና አሲዱ ወደደከመበት ወደ ሕዋሳቱ ጥግ ይጠጋል። ሰውነት ይዋጋዋል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ግድግዳው ይጎርፋሉ፣ ባክቴሪያው ግን በአብዛኛው ያለው ከግድግዳው ውጪ በዝልግልጉ ውስጥ ነው። ስለዚህ ውጊያው የራስን ግድግዳ ሲያቆስል ይኖራል እንጂ ባክቴሪያውን አያጸዳም። ሥር የሰደደ የጨጓራ ብግነት የሚባለው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ይይዛል፤ ካልታከመ በአብዛኛው ሰው ላይ ዕድሜ ልክ ይቆያል።

ይህን ባክቴሪያ በ1982 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ለመጀመሪያ ጊዜ በላብራቶሪ አሳደጉት፤ በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ከታሪኩ ለእርስዎ ጉዳይ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ባክቴሪያው እንዲያድግባቸው የተዘጋጁት የላብራቶሪ ሳህኖች በሁለት ቀን ምንም ስለማይበቅልባቸው ይጣሉ ነበር፤ በፋሲካ በዓል ምክንያት ለአምስት ቀን ያህል ሳይነኩ በቆዩት ላይ ነው ባክቴሪያው የታየው። ኤች ፓይሎሪ በዝግታ የሚራባ ፍጥረት ነው። አሞክሳሲሊንን የመሰሉ መድኃኒቶች ደግሞ የሚገድሉት በመራባት ላይ ያለውን ባክቴሪያ ነው። አሲዱ ሲበረታ ባክቴሪያው መራባቱን ይገታል፣ መድኃኒቱም ያልፈዋል። ኦሜፕራዞል በሕክምናው ውስጥ የገባው ለሕመም ማስታገሻ ብቻ አይደለም። አሲዱን በሚገባ ሲቀንሰው ባክቴሪያው መራባት ይጀምራል፣ አንቲባዮቲኩም በአሲድ ሳይበላሽ ይደርስበታል። ኦሜፕራዞሉን «ሆዴ ስላላቃጠለኝ» ብሎ መተው ወይም ምግብ ላይ መዋጥ ሙሉውን ሕክምና የሚያከሽፈው ለዚህ ነው። ሕክምናው 14 ቀን እንዲሆን የሚመከረውም ለዚሁ ነው፤ እርስዎ የወሰዱት 7 እና 10 ቀን አጭር ነበር።

የክላሪትሮማይሲን ነገር ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። ይህ መድኃኒት የሚሠራው በባክቴሪያው ፕሮቲን ማምረቻ ላይ ተጣብቆ ነው። በዚያ ማምረቻ የዘረ መል ጽሑፍ ላይ አንዲት ፊደል ስትለወጥ መድኃኒቱ መጣበቂያ ያጣል፤ ከዚያ መጠኑን ቢጨምሩት፣ ቀኑን ቢያስረዝሙት ለውጥ አያመጣም። ለሳልና ለጉሮሮ በየፋርማሲው የሚሸጠው አዚትሮማይሲን የዚሁ ዘመድ ስለሆነ እሱን አዘውትሮ የወሰደ ሰው ባክቴሪያው ክላሪትሮማይሲንንም የለመደ ሊሆን ይችላል። በዓለም አቀፍ መመሪያዎች ሁሉ ያለው ሕግ አንድ ነው፦ ክላሪትሮማይሲን ያለበት ሕክምና አንድ ጊዜ ካልሠራ ዳግመኛ አይሰጥም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ለእርስዎ መታዘዝ ያልነበረባቸው በሁለት ምክንያት ነው፤ ባክቴሪያው ስለመኖሩ ማረጋገጫ አልነበረም፣ ቢኖርም መድኃኒቱ ያው ነበር።

እንግዲህ ምርመራው። የሰገራ አንቲጂን ምርመራ የሚፈልገው የባክቴሪያውን የራሱን ፕሮቲን ስለሆነ አሁን ያለውን ነው የሚናገረው። ግን ባክቴሪያው በቁጥር ከተመናመነ ውጤቱ በሐሰት ኔጋቲቭ ይወጣል። ስለዚህ የመጨረሻውን አንቲባዮቲክ ከዋጡ ቢያንስ 4 ሳምንት መሙላት አለበት፤ ለሌላ በሽታ የወሰዱት አንቲባዮቲክም ይቆጠራል። ቢስመዝ የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት ከወሰዱም እንደዚሁ 4 ሳምንት። ኦሜፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞል፣ ላንሶፕራዞል፣ ራቤፕራዞል ከሚባሉት አሲድ ቀናሾች የትኛውንም ቢሆን ከምርመራው በፊት 14 ቀን ሙሉ ያቁሙ። ሦስተኛውን ዙር ከጨረሱ ስንት ጊዜ እንደሆነዎት አልጻፉም፤ ከወር በላይ ከሆነ የሚቀርዎት አሲድ ቀናሹን የማቆም ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ማቃጠሉ ከባሰብዎ የሚታኘኩትን ወይም በጠርሙስ የሚሸጡትን የአሉሚኒየምና የማግኒዚየም አሲድ ማርከሻዎች መውሰድ ይችላሉ፤ ምርመራውን አያበላሹም። ሌላ ዓይነት አሲድ ቀናሽ የሆነው ፋሞቲዲንም ይቻላል፣ ከምርመራው ሁለት ቀን በፊት ካቆሙት። በቅርቡ የደማ አልሰር (የጨጓራ ወይም የአንጀት ቁስል) የነበረበት ወይም ለልቡ በየቀኑ አስፕሪን የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አሲድ ቀናሹን ማቆም የለበትም።

ላብራቶሪ ሲሄዱ የትእዛዝ ወረቀቱ ላይ «የኤች ፓይሎሪ የሰገራ አንቲጂን» መባሉን አይተው ያረጋግጡ። የሁለቱ ምርመራዎች ካሴት በመልክ አንድ ነው፤ «ኤች ፓይሎሪ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ደም ሊቀዱዎት ይችላሉ። ሰገራው በደረቅ ንጹሕ ዕቃ ይሁን፣ ሽንት አይቀላቀልበት፤ ውኃ የሆነ ተቅማጥ ካለብዎት እስኪቆም ይጠብቁ፣ አንቲጂኑን ያቀጥነዋልና። በዚያው ቀን ያድርሱት፤ የሚዘገይ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን አይደለም። ካሴቱ የሚነበብበት ደቂቃ በማሸጊያው ላይ የተወሰነ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብቅ የሚል ደብዛዛ መስመር ውጤት አይደለም። «በጣም ደብዛዛ ነው» ከተባሉ በሌላ ላብራቶሪ ይድገሙት እንጂ በዚያ ላይ ተመሥርተው መድኃኒት አይጀምሩ።

ሌላው ታማኝ ምርመራ የትንፋሽ ነው። በልዩ ካርቦን የተሠራ ዩሪያ ይጠጣሉ፤ ባክቴሪያው ካለ በዩሪየሱ ይሰብረውና ካርቦኑ በትንፋሽ ይወጣል። የዝግጅቱ ሕግ፣ የ4 ሳምንቱም የ14 ቀኑም፣ አንድ ዓይነት ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ያሉ አንባቢዎች ይህን ወይም የሰገራውን ከሐኪማቸው ጠይቀው ማግኘት ይችላሉ፤ ካደጉበት አገር የተነሣ ባክቴሪያው ሊኖርባቸው እንደሚችል ለሐኪሙ መናገርም ተገቢ ነው፣ እዚያ ተወልዶ ባደገ ሰው ላይ ያን ያህል አይጠረጠርምና። ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራን ማየት) ከተደረገ ደግሞ ከግድግዳው በምትቀነጠብ ናሙና ላይ ዩሪየሱን በቀለም መለየት ይቻላል፤ ግን ባክቴሪያው መጥፋቱን ለማወቅ ብቻ ተብሎ ኢንዶስኮፒ አይደረግም።

ውጤቱ ኔጋቲቭ ከሆነ ድነዋል። ደምዎ ለዓመታት ፖዘቲቭ ቢል አይደንግጡ፣ ማንም በዚያ ምክንያት መድኃኒት ቢያዝልዎት አይቀበሉ። ያን ጊዜ ጥያቄው «ታዲያ ምኑ ነው የሚያቃጥለኝ?» ይሆናል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ አገር «ጨጓራ» የምንለው ብዙ የተለያየ ሕመም ነው። ከእምብርት በላይ ተነስቶ ወደ ደረት የሚወጣ፣ ሲጎነበሱ ወይም በልተው ወዲያው ሲተኙ የሚብስ ቃር የአሲድ ወደ ላይ መመለስ ነው፤ ኤች ፓይሎሪ አያመጣውም፣ ባክቴሪያውን ማጥፋትም አያድነውም። እራትን ከመኝታ ሦስት ሰዓት ቀደም ማድረግ፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ፣ ኦሜፕራዞል ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት ለ8 ሳምንት ያህል መውሰድ ነው መንገዱ። ቶሎ መጥገብ፣ መነፋት፣ ከበሉ በኋላ መክበድ ደግሞ ኢንዶስኮፒው ንጹሕ ሆኖም የሚኖር የጨጓራ አሠራር መዛባት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለው ሕመም ከአሥር በላይ ሰዎች ባክቴሪያው ቢጠፋላቸው በዚያ ምክንያት ሕመሙ የሚለቀው አንዱን ብቻ ነው፤ ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው ስለሌለ ብዙ ታካሚ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ያስባል። ቅባት ሲበሉ በቀኝ ጎን የጎድን አጥንት ሥር የሚመጣ ቁርጠት ካለ የሐሞት ጠጠር በአልትራሳውንድ ይታይ። ጃርዲያም መነፋትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ሰገራው በማይክሮስኮፕ ይታይልዎት።

ከሁሉ በፊት ግን ለራስ ምታት፣ ለወገብ ወይም ለወር አበባ ሕመም የሚወስዱትን መድኃኒት ይቁጠሩ። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን ራሳቸውን ችለው ጨጓራ ያቆስላሉ፤ ዲክሎፌናክን በመርፌ መወጋት ከዚህ አያድንም፣ ጉዳቱ የሚመጣው በደም በኩል ጭምር ነውና። በእነሱ ፋንታ ፓራሲታሞል ይውሰዱ። ኤች ፓይሎሪ እና እነዚህ ማስታገሻዎች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የመድማት አደጋው ከሁለቱ ከእያንዳንዳቸው ይበልጣል።

ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ መታከም አለብዎት። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች አብዛኛው ምንም ሳይሰማው ይኖራል፤ ከአሥሩ አንድ የሚሆነው አልሰር ያወጣል፣ ከመቶው ከ1 እስከ 3 የሚሆነው በብዙ ዓመታት ሂደት የጨጓራ ካንሰር ይይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1994 እ.ኤ.አ. ኤች ፓይሎሪን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ይህን የምጠቅሰው ላስፈራዎት አይደለም፤ «ፖዘቲቭ ሆኖ ይቅር» የሚለው ምክር ትክክል እንዳልሆነ እንዲያውቁ ነው።

ለእርስዎ የሚስማማው ቢስመዝ ያለበት የአራት መድኃኒት ሕክምና ነው፣ ለ14 ቀን። ኦሜፕራዞል በቀን ሁለት ጊዜ፤ 20 ሚሊግራም ዝቅተኛው ነው፣ ቀድሞ ላልተሳካለት ሰው 40 ሚሊግራም ይመረጣል። ቴትራሳይክሊን 500 ሚሊግራም በቀን አራት ጊዜ። ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊግራም በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ። ቢስመዝ ሳብሲትሬት 120 ሚሊግራም በቀን አራት ጊዜ። ሜትሮኒዳዞልን የለመደ ባክቴሪያ በእኛ አካባቢ ብዙ ነው፤ ሆኖም ከክላሪትሮማይሲን በተለየ ይህን መቋቋም በከፍተኛ መጠንና በሙሉ 14 ቀን በከፊል ማሸነፍ ይቻላል። በቀን 250 ሚሊግራም ሁለቴ ተብሎ ከተሰጠዎት መጠኑ አይበቃም፤ ተመልሰው ይጠይቁ።

ፋርማሲ ቆመው ፍሬውን ይቁጠሩ፣ ብዙ ሕክምና የሚከሽፈው እዚያ ነው። ቴትራሳይክሊን 500 ከሆነ 56 ፍሬ፣ ቢስመዝ 56፣ ሜትሮኒዳዞል ባለ 250 ሆኖ 500 በቀን ሦስቴ ከታዘዘ 84፣ ኦሜፕራዞል ባለ 40 ከሆነ 28፣ ባለ 20 ሆኖ 40 ከታዘዘ 56። አንዱ ከጎደለ ሁሉም እስኪሟላ አይጀምሩ። ሦስቱን ጀምሮ አራተኛውን መጠበቅ ባክቴሪያውን ማለማመድ ነው። (የመጀመሪያ ጊዜ ሕክምና በአንድ ካርቶን በተዘጋጀ ኪት የታዘዘላችሁ ሌሎች አንባቢዎችም ይህንኑ አድርጉ፤ አንዳንዱ ካርቶን የያዘው የ7 ቀን ብቻ ነው። ለ14 ቀን 28 ክላሪትሮማይሲን ባለ 500፣ 56 አሞክሳሲሊን ባለ 500 እና 28 አሲድ ቀናሽ መሆን አለበት።)

አወሳሰዱ እንዲህ ይሁን። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በባዶ ሆድ ኦሜፕራዞል፤ 1 ሰዓት ላይ ቁርስ፣ ከቁርሱ በኋላ ሦስቱ መድኃኒቶች። ከምሳ በኋላ ሦስቱ። ከእራት ግማሽ ሰዓት በፊት ሁለተኛው ኦሜፕራዞል፣ ከእራት በኋላ ሦስቱ። ከመኝታ በፊት ቴትራሳይክሊንና ቢስመዝ ብቻ፣ ሜትሮኒዳዞሉ ሦስቴ ከሆነ። ቴትራሳይክሊን ሁልጊዜ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጥ፤ ከዋጡ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይተኙ፣ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ቧንቧውን ያቆስለዋል። ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ የብረት እንክብልና አሲድ ማርከሻ ቴትራሳይክሊኑን ስለሚይዙት በሁለት ሰዓት ይራቁ። ፀሐይ ላይ ብዙ አይቁሙ። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ በሕክምናው ወቅትና ከሜትሮኒዳዞል በኋላ ለ3 ቀን ይቅሩ።

አፍ ብረት ብረት ይላል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ምላስና ሰገራ በቢስመዙ ምክንያት ጥቁር ይሆናሉ፤ እነዚህ ሲያቆሙ ይጠፋሉ። በቢስመዝ የጠቆረ ሰገራ ቅርጹን የያዘ ነው። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ክፉ ሽታ ያለው፣ በተለይ ከማዞርና ከልብ መምታት ጋር ከመጣ ግን የደም ነው፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። ማቅለሽለሽ በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ይበረታል፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠውም ያኔ ነው። ከኦሜፕራዞሉ በቀር በባዶ ሆድ አይዋጡ፤ ካስመለሰዎት ለሐኪሙ ይደውሉ እንጂ ከአራቱ አንዱን መርጠው አይተዉ። የእጅና እግር መደንዘዝ፣ የሰውነት ሽፍታ ወይም የፊት እብጠት ከታየ ግን አቁመው ይታዩ።

ከመጀመርዎ በፊት እርግዝና አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ ቴትራሳይክሊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ የሚያጠቡም ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ሕክምናው ከወሊድ በኋላ ቢደረግ የሚጎዳ ነገር የለም። ቴትራሳይክሊን ከጠፋ ብዙ ጊዜ ዶክሲሳይክሊን ይተካል፤ ውጤቱ ከእሱ ያነሰ ስለሆነ አልመክረውም። ቢስመዝ ጨርሶ ካልተገኘ ሐኪምዎ ሊያስብበት የሚችለው አሞክሳሲሊን 1 ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከከፍተኛ መጠን አሲድ ቀናሽ ጋር ለ14 ቀን ነው፤ ባክቴሪያው አሞክሳሲሊንን መቋቋሙ በአብዛኛው የዓለም ክፍል ብርቅ ነው፣ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ግን ሊወስደው አይችልም። ሌቮፍሎክሳሲን ያለበት ሕክምናም አለ። ቲቢ በበዛበት አገራችን ግን እንደ ቀላል መታዘዝ የለበትም፦ መድኃኒቱ ቲቢን በከፊል ስለሚገድል ያልታወቀ ሳንባ ነቀርሳን ይሸፍናል፣ የቲቢውንም ባክቴሪያ ያለማምዳል። ከሁለት ሳምንት በላይ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለብዎት አስቀድሞ አክታ ይመርመር።

ስለ ጾሙ። በቀን አራት ጊዜ ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሚጾም ሰው ጋር አይሄድም። ሁለቱን ለማስታረቅ ብሎ የቀኑን መድኃኒት በአንድ ላይ መዋጥ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ባክቴሪያው ለዓመታት የኖረ ነውና የሚደማ አልሰር እስከሌለ ድረስ ጾሙ እስኪፈታ ጥቂት ሳምንት ቢጠብቁ ምንም አይሆኑም፤ እኔ የምመርጥልዎት ይህን ነው። መጠበቅ የማይቻል ከሆነ ከንስሐ አባትዎ ጋር ተነጋግረው ለ14 ቀን ሰዓቱን ያስተካክሉ፤ ምግቡ የጾም ቢሆን ችግር የለውም፣ እንዲያውም ወተት አለመኖሩ ለቴትራሳይክሊኑ ይመቻል። ረመዳን የሚጾሙ አንባቢዎችም ከዒድ በኋላ ቢጀምሩ ይሻላል፤ ከአፍጥር እስከ ሱሁር ባለው ጊዜ አራት ዶዝ ማጨናነቅ ጨጓራ አይችለውም።

ባለቤትዎና ልጆችዎ። ባክቴሪያው ከሰው ወደ ሰው በምራቅ፣ በትውከትና በሰገራ በተበከለ እጅ፣ ውኃና ምግብ ይተላለፋል፤ ዋናው መተላለፊያው በቤተሰብ ውስጥ በልጅነት ነው። እናት አኝካ ለሕፃን የምታጎርሰው ምግብ አደጋ እንዳለው ይታወቃልና ይቅር። በታጠበ እጅ የሚሰጥ ጉርሻን ግን የሚከለክል ምክንያት አላይም፤ እጅ በሳሙና መታጠቡ፣ በተለይ ከመጸዳጃ በኋላና ምግብ ከማዘጋጀት በፊት፣ ከጉርሻው መቅረት ይልቅ ይጠቅማል። የእርስዎ የሰገራ ምርመራ ፖዘቲቭ ከሆነ ባለቤትዎ ያንኑ የሰገራ ምርመራ ቢያደርግ ተገቢ ነው፤ በቤተሰቡ የጨጓራ ካንሰር የነበረ ከሆነ ደግሞ ግድ ይበለው። ልጆቹን ግን ደህና ከሆኑ አታስመርምሯቸው። ሕፃናት ላይ አልሰር ብርቅ ነው፣ የሆድ ቁርጠታቸውም በአብዛኛው ከዚህ አይመጣም፣ ከታከሙም በኋላ እንደገና ሊይዛቸው ይችላል። ሕፃን በኤች ፓይሎሪ የሚታከመው አልሰር ሲገኝበት ወይም በብረት የማይስተካከል ደም ማነስ ሲኖረው በሕፃናት ሐኪም ውሳኔ ነው።

በርበሬ፣ ቡና፣ ሽሮ፣ እንጀራ ባክቴሪያውን አያመጡም፣ እነሱን መተውም አያጠፋውም። የሚያባብስብዎትን ይቀንሱ፤ የማያባብስብዎትን ይብሉ። ወጥ ጠልተው ሰውነታቸው የመነመነ፣ ባክቴሪያው ግን በቦታው ያለ ሰዎች ብዙ ናቸው። የተልባ ውኃና አብሽ ሆድ ያለዝባሉ፣ መጠጣት ይችላሉ፤ በጥናት ባክቴሪያውን ብቻቸውን ያጠፉ ግን አይደሉም፤ ማርና ነጭ ሽንኩርትም እንደዚሁ። ተልባና አብሽ ዝልግልግ ስለሆኑ የመድኃኒት መመጠጥን እንዳያዘገዩ ከመድኃኒቱ በሁለት ሰዓት ያርቋቸው።

ከላይ ያለው ሁሉ የሚሠራው አደገኛ ምልክት ለሌለበት ሰው ነው። ደም ማስመለስ፣ ሬንጅ የመሰለ ሰገራ፣ ሲውጡ መያዝ፣ ሳያስቡት መክሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የደም ማነስ፣ በላይኛው ሆድ የሚዳሰስ እብጠት፣ ወይም በወላጅ፣ በወንድም ወይም በእህት የጨጓራ ካንሰር ካለ የሰገራ ምርመራ ውጤት ሳይጠበቅ ኢንዶስኮፒ ይደረግ። በአራተኛ አሥርት ዕድሜ ላይ ስላሉ ካንሰር ሩቅ ነው፤ ከዚህ ውስጥ አንዱ ካለብዎት ግን ዕድሜዎ አያዘናጋዎት። የደም ማነስ እንዳለብዎት ወይም እንደሌለብዎት በቀላል የደም ቆጠራ ማሳየት ይገባዎታል፤ ለዓመታት የቆየ ኤች ፓይሎሪ የብረት እጥረት ያመጣልና።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ በአንድ ወረቀት ላይ ይህን ጽፈው ይያዙ፦ በየትኛው ወር የትኛውን መድኃኒት፣ ስንት ሚሊግራም፣ ለስንት ቀን እንደወሰዱ፤ ስንት ዶዝ እንዳመለጠዎት፤ የመጨረሻውን አንቲባዮቲክና የመጨረሻውን ኦሜፕራዞል የዋጡበትን ቀን፤ ለሌላ ሕመም የወሰዷቸውን አንቲባዮቲኮችና ማስታገሻዎች። ከአራቱ መድኃኒት ሕክምና በኋላም ከ4 ሳምንት ሲያልፍ፣ ኦሜፕራዞሉ 14 ቀን ከቆመ በኋላ፣ የሰገራ ምርመራው በድጋሚ ይሠራል፤ የዚያን ቀጠሮ መድኃኒቱን በጀመሩበት ቀን ያስመዝግቡት።